ስምንተኛው ሳምንት

ማግኑስ ነገሩን ለአለቃው የነገራቸው በቅንነት ነበር። ዲሴምበር ከገባ ስድስተኛው ቀን ነው። ጠዋት የተረጋውን ወተት ቆርጦ፣ ፎርማጆውን በየቅርጹ ሞልቶ፣ ጎማ ቦት ጫማውን አጥቦ ወደ ቢሮ ወጣ። የፎርማጆ ፋብሪካው አለቃ ወይዘሮ ጌርትሩድ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ደረሰኝ ያገላብጣሉ።

«ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት» አላቸው። «ማርች ሃያ ትወልጃለሽ ብለዋታል። ልጁ ከተወለደ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ፈቃድ ልወጣ ነው። ምትክ የሚፈልጉበት ጊዜ ይኑርዎት ብዬ ነው ቀድሜ የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «እንኳን ደስ ያለህ! ባሌ በሕይወት ቢኖር እንዴት ደስ ባለው። እሱ እኮ ልጅ ይወድ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ሟቹ ባለቤታቸው ሕፃን ሲያዩ ሆዳቸው አይችልም ነበር። የሥራው ውል ላይ አንቀጽ ሰባትን ያስገቡት እሳቸው ናቸው፦ ልጅ የተወለደለት ሠራተኛ ዐሥር ቀን ደመወዙ ሳይነካ እቤቱ ይቀመጥ ይላል። ሕጉ ይህን አያስገድድም። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ፈቃድ ግን የሕግ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ መንግሥት ጥቂት ይደጉማል፣ ሰውየው ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል።

ማግኑስ በሩን ሊዘጋ ዞር ሲል ወይዘሮ ጌርትሩድ የጠረጴዛውን ቀን መቁጠሪያ ስበው ማርች ላይ ከፈቱት። ከዚያ ወደ ኋላ መግለጥ ጀመሩ፤ ፌብሩዋሪ፣ ጃንዋሪ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምትክ የሚቀጥሩበትን ቀን የሚያሰሉ መሰለው።

ምድር ቤት ሲወርድ ጋሽ ክሳቨር መደርደሪያው ሥር ቆሞ ክብ ክቡን ፎርማጆ በጨው ውኃ ያሻል። በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ፣ ጡረታው ዐሥራ አንድ ወር የቀረው ሰው ነው። ማግኑስን ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው።

«ነገርካት?»

«ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።»

ክሳቨር ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣለው። «ምን ያጣድፍህ ነበር አንተ? ስንት ሰው ነን እዚህ?»

«ዘጠኝ።»

«ከዐሥር በላይ ብንሆን ያለ ምክንያት ሂድ ልትልህ አትችልም። ዘጠኝ ነን። ስለዚህ ትችላለች። ፈቃድ የሚወጣ አባት ግን አይባረርም፤ ሕግ ይጠብቀዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ከጠየቀበት ቀን።»

«አይደለም ልጄ። ፈቃዱ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ሜዳ ላይ ነህ።» በእርጥብ ጣቱ ቆጠረ። «ጃንዋሪ ሃያ ሦስት ይገባል። እስከዚያ ዝም ማለት ነበረብህ።»

«እሳቸው እንደዚያ አያደርጉም።»

«ሮስቪታ እናቷን ላስታምም ያለ ደመወዝ ስድስት ወር ስጡኝ ስትል አልነበርክም እንዴ? እሷንም እግዜር ይማርልሽ ብላ አቅፋት ነበር። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤዋን ሰጠቻት።»

ማግኑስ ወተት ወደሚረጋባቸው ጋኖች ተመለሰ። ለምሳ የያዘውን ዳቦ ሳይበላ ወደ ቤት መለሰው።

ከዚያ ወዲያ የወይዘሮ ጌርትሩድ ደግነት በዛ። ለገና የበግ ቆዳ ምንጣፍ ላኩለት፤ «ለሕፃኑ» የሚል ካርድ ነበረበት። ሚስቱ ቬሬና ምንጣፉን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ሰው ሲዋሽ ማወቅን ከልጆች ተምራለች።

«ይህቺ ሴትዮ ከዚህ በፊት ምን ሰጥታህ ታውቃለች?» አለችው።

«ምንም።»

አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ሁሉንም ሰብስበው አዲስ ውል አደሉ። «ያው ነው፣ አረጀ ብለን አደስነው» አሉ። ሌሎቹ እዚያው ግድግዳውን እየተደገፉ ፈረሙ። ማግኑስ ኪሱ ከቶ ወጣ። ማታ ቬሬና ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን ዘርግታ አነበበች። አንቀጽ ሰባት ወጥቶ በቦታው ስለ ፀጉር መሸፈኛ ገብቷል።

«አልፈርምም በላቸው» አለች።

«እያነበብኩት ነው እላቸዋለሁ።»

«እንደሱ በል። ግን አትፈርም።»

በማግስቱ «እያነበብኩት ነው» አላቸው። ወይዘሮ ጌርትሩድ ፈገግ ብለው «አንብብ፣ አንብብ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ አቆሙ። እሱ ሲገባ ስልክ ያነሣሉ፤ እሱ በደረጃው ሲወርድ በራቸው ቀስ ብሎ ይዘጋል። በሁለተኛው ሳምንት ከወዲያኛው ሸለቆ አንድ ጎልማሳ መጣ። ሴትዮዋ ጋኖቹን አስጎበኙት። ሰውየው ማግኑስ ጋ ቆሞ በትሕትና ጠየቀው፦ «የወተት ማሞቂያው ማቀጣጠያ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል ይባላል። እውነት ነው?»

«ማን አለህ?»

ሰውየው ወደ ቢሮው መስኮት ተመለከተ።

ማግኑስ ቀን መቁጠር ጀመረ። ዐሥራ ስድስት። ዐሥራ ዘጠኝ። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው የፖስታ ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ይባስ ይጨንቀዋል፤ ገና ነው ማለት ነውና።

ጃንዋሪ ሃያ ሁለት ሐሙስ ዋለ። ጠዋት ወይዘሮ ጌርትሩድ ቢሮ አልነበሩም። ማግኑስ ሥራውን ጨርሶ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣ፤ የጠራው ሰው የለም። ቬሬና ትምህርት ቤት ናት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በረዶ ሊጠርግ አካፋ ይዞ ሲወጣ የክሳቨር አሮጌ መኪና ከአጥሩ ማዶ ቆማለች። ሞተሩ አልጠፋም፤ ሰውየው ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስንት ሰዓት እንደቆመ እንጃ፣ የፊት መስታወቱ በበረዶ ተሸፍኗል።

«ግባ እንጂ ጋሽ ክሳቨር፣ ምን ብርድ ላይ ያስቀምጥሃል?»

ገባ። ካፖርቱን አላወለቀም፤ ወንበርም ሲያቀርብለት አልተቀመጠም።

«ሴትዮዋ ጠዋት ጠበቃ ጋ ነበረች» አለ። «ስትመለስ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። ‹ሳጥኑ ውስጥ ክተትለት፣ የከተትክበትን ሰዓት ጽፈህ ፈርም፣ ወረቀቱን አምጣልኝ› አለችኝ። ምስክር መሆኔ ነው።»

የማግኑስ ዓይን የካፖርቱ ደረት ኪስ ላይ ቀረ። የነጭ ወረቀት ጠርዝ ብቅ ብሏል።

«ዛሬ ከደረሰህ ተሰናብተሃል» አለ ክሳቨር። «ነገ ከደረሰህ ሽንት ቤት ልትሰቅለው ትችላለህ።»

ማግኑስ ሊል የፈለገውን ያውቀዋል። ለእኔ ብለህ ራስህን አታስመታ፤ ጡረታህ ዐሥር ወር ነው የቀረው፤ አንተንም የሚጠብቅህ ሕግ የለም፤ ክተተውና ሂድ። ይህን ሁሉ አሰበ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዛሬ አትስጠኝ» አለ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አየው። አስተያየቱ ቂም የለበትም፤ ርኅራኄም የለበትም። «እኔስ መንገድ ላይ ወስኜ ነው የመጣሁት» አለ። «ግን ከአንተ አፍ መስማት ፈለግኩ።»

«ለምን?»

«በኋላ እሱ በራሱ ነው ያደረገው ብለህ እንዳትተኛ።»

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲነጋ ፖስታው ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ክሳቨር ወረቀቱ ላይ እውነተኛውን ቀንና ሰዓት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለሴትዮዋ ሰጣቸው። ጩኸት የጠበቁ ሁሉ ተሳሳቱ። ወይዘሮ ጌርትሩድ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት፣ አጠፉት፣ «አመሰግናለሁ ክሳቨር» አሉ፤ ክሳቨር በኋላ ለማግኑስ የነገረው ይህን ነው። ማግኑስ የፈቃድ ማመልከቻውን በአደራ ደብዳቤ ላከ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ ተፈቅዷል።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ የክሳቨር የራሱ የስንብት ደብዳቤ መጣ። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ አያስፈልግም። ሠላሳ አንድ ዓመት የለበሰውን ነጭ ሽርጥ አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ትቶ ወጣ። ማግኑስ ጋኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። ቢሮ ገብቶ እኔም አልሠራም ሊል ሁለት ጊዜ ደረጃው ድረስ ሄደ። ሁለት ጊዜም የቬሬና ሆድ ትዝ አለውና ተመለሰ። ሌሎቹ ሰባቱ ቀና ብለው አላዩትም።

ሕፃኗ ማርች ዐሥራ ስምንት ተወለደች። ኦቲሊ አሏት። አዲሱን ውል ስላልፈረመ ዐሥሩን ቀን ከነደመወዙ አገኘ። ቬሬና አብዝታ ስቃለች በነዚያ ቀኖች፤ እሱም አብሯት ሊስቅ ይሞክር ነበር።

ኤፕሪል ላይ ጋሪውን እየገፋ ገበያ ሲሄድ ወይዘሮ ጌርትሩድ ከዳቦ ቤት ወጡ። ጎንበስ ብለው የሕፃኗን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ሳብ አደረጉላት።

«አባቷን ትመስላለች» አሉ። «ፈቃድህ የሚያልቀው ማርች ዐሥራ ሰባት ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ዐሥራ ስምንት ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጠብቅሃለሁ እንግዲህ። ቦታህ አለ፣ ማንም አልነካውም።» ቀና አሉ። «ሕጉ እስከዚያች ቀን ድረስ ነው፣ እኔም አንብቤዋለሁ።»

ይህን ቬሬናን አልነገራትም። የነገረው ሜይ ላይ ለክሳቨር ነው። ክሳቨር ከቤቱ ጀርባ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ከስቷል፤ በጥቂት ወር ውስጥ የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል። ማግኑስ ለሳምንታት ሲያዘጋጀው የከረመውን ይቅርታ ሊጀምር ሲል ሽማግሌው በእጁ ከለከለው።

«ሥራህን ያተረፍኩልህ እንዳይመስልህ» አለ። «ሴትዮዋ ሥራህን መቼም አትሰጥህም። እኔ የሰጠሁህ አንድ ዓመት ነው። ዐሥር ወር ቀርቶሃል፤ ሌላ ቦታ ፈልግበት።»

«አንተስ?»

«እኔማ ይኸው እንጨት እፈልጣለሁ።» ጋሪው ውስጥ ተመለከተ። ሕፃኗ ነቅታ ዝም ብላ ታየዋለች። «ልያዛት?»

ማግኑስ አንሥቶ ሰጠው። ክሳቨር አያያዙን አላወቀበትም፤ ክንዱን አድርቆ፣ ፎርማጆ ከመደርደሪያ እንደሚያወርድ ሰው፣ ከደረቱ አርቆ ይዟት ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መለሰለትና መጥረቢያውን አነሣ። ማግኑስ ወደ ቤቱ ሲመለስ በፋብሪካው ፊት ላለማለፍ በወንዙ በኩል ዞረ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጋሪው አስቸገረው።