ያልተጠማ ቡና

ሐጂ ሙሐዲን አማቻቸውን ፋሂምን መናቅ የጀመሩት ገና በኒካሑ ቀን ነው። ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባጃጅ ሲጠግን ያደገ ልጅ ቡናን የሚያውቀው ስኒ ውስጥ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ልጃቸው ሩፈይዳ ግን ወደደችው። እሳቸውም ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ ካለው ማሳቸው በወንዙ በኩል ያለውን ቁራጭ ለሁለቱ ሰጡ። ከሰጡ በኋላ አጥር ተደግፎ ማየትና መሳቅ ሥራቸው ሆነ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ፋሂም የውሃ ሞተር ጭኖ መጣና ቱቦ ከወንዙ ዘርግቶ ቡናውን ጠዋትና ማታ ያጠጣው ጀመር።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉት ሐጂ ከአጥሩ ማዶ።

"በጋው ሲጠነክር ተክሉን ስትረስ ይይዘዋል፣ ሐጂ። ሥሩ መሬቱ መድረቁን ሲያውቅ ለቅጠሉ መልእክት ይልካል፤ ቅጠሉም ትንፋሹን ይዘጋል። ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ።"

"ማል ጄታ? ምን ትላለህ? ቡና ስትረስ ያዘው?" ሐጂ ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ። "ታዲያ ጤና ጣቢያ አትወስደውም?"

ጥር ሲጋመስ የሐጂ ቡና ቅጠሉን እንደ ደከመ አህያ ጆሮ ጣለ፤ የፋሂም ደግሞ ለመለመ። ጎረቤታቸው ዙቤይዳ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ "የልጁ ቡና እንዴት አረንጓዴ ነው፣ ሐጂ! የእርስዎስ ምነው?" አለቻቸው።

"አረንጓዴነት ከሆነ ጎመንም አረንጓዴ ነው" አሉ።

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም፤ የሚጨምሩት ግን ነበራቸው። የቡና እምቡጥ በጋውን ቅርንጫፉ ላይ ጭምቅ ብሎ እንደሚተኛ፣ ጥማት ካላገኘው ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደማይነሣ፣ በደንብ ከተጠማ በኋላ አንድ ብርቱ ዝናብ ሲያገኝ ግን ኮረብታው ሁሉ በአንድ ጠዋት እንደሚያብብ ከአባታቸው ተምረዋል። ዘወትር ውሃ የሚጠጣ ቡና አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከሳምንት በኋላ፣ እንደፈለገው ነው የሚያብበው። "ራሱ አይቶ ይማር" አሉ በልባቸው። ኮረብታው ባበበ ቀን የሚናገሩትንም ቃል ከዙሁር ሰላት በኋላ እየተቀመጡ ያበጥሩት ነበር።

በጥር መጨረሻ የፋሂም ቡና እዚህም እዚያም እፍኝ እፍኝ አበባ አወጣ። ልጁ ደስታው ወሰን አጣ፤ ፎቶ እያነሣ ለጅማ ጓደኞቹ ላከ። ሐጂ አጥሩ ላይ ቆመው "ማሻ አላህ፣ ቀደምከን እኮ!" አሉት። ፋሂምም ምስጋና መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የሐጂ ኮረብታ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ አደረ፤ ሽታው መኪና መንገዱ ድረስ ይሄድ ነበር። ሐጂ የታጠበ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ያን የተበጠረ ንግግራቸውን ሊናገሩ ወደ ልጃቸው ማሳ ወረዱ።

ፋሂም ከማሳው ሁለት መደቦች በላይኛው መሀል ቆሟል። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጥሬ ፍሬ፣ የጠወለገ አበባና ያልተከፈተ እምቡጥ ተቀላቅሎ ይታያል፤ የቀረው ቅጠል ብቻ ነው።

"እህ፣ ስትረሱ ለቀቀው?" ሲሉ ጀመሩ ሐጂ። ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወደ ታች ሄደ። ከአጥሩ የማይታየው ታችኛው መደብ ላይ ያለው ሁለት መቶ እግር ቡና እንደሳቸው ቡና ጥጥ የተነሰነሰበት መስሏል። ከመሀሉም ሩፈይዳ ወጣች።

"ይኼን ማን አደረገው?" አሉ።

"እኔ ነኛ። ሞተሩን እሱ ያስነሣል፣ ቱቦውን የማዞረው እኔ አይደለሁ? ወደ ታች አላሳለፍኩም። እንዲጠማ ተውኩት።"

"ከማን ተማርሽ?"

"ከእርስዎ። ልጅ ሆኜ ቅርንጫፍ እያጎነበሱ እምቡጡን ያሳዩኝ ነበር።"

ሐጂ ደረታቸው ተነፋ። ወደ ፋሂም ዞረው ዱላቸውን ሲያነሡ ልጃቸው አቋረጠቻቸው።

"እሱን ግን አላሳዩትም። ሁለት ወር ሙሉ አጥር ላይ ቆመው ሲስቁ ከረሙ።"

"ነግሬዋለሁ እኮ!"

"ስድብ ነው የነገሩት። እኔም ነገርኩት፤ እሱም ከስልኩ ቀና ሳይል 'የድሮ ወሬ' ብሎ ሳቀብኝ። አንዱ በጺሙ ሌላው በስልኩ ሲኮራ ቡናችን በሁለት አዋቂ መሀል ቀረ!"

ፋሂም አንገቱን ደፋ። "ሐጂ፣ ያውቁ ነበር ማለት ነው?" አለ። "እኔ እኮ የሚስቁት ስለማያውቁ መስሎኝ ነበር።"

ከልጃቸው ወቀሳ ይልቅ ይህ ቆረቆራቸው። ለካ እሳቸው ልጁን ሲንቁ ልጁም እሳቸውን እየናቀ ኖሯል!

"ና ወዲህ" አሉት በንዴት። ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርገው ያልተከፈተውን እምቡጥ በጥፍራቸው ነኩት፤ ስለ ጥማቱም፣ ስለ መጀመሪያው ዝናብም፣ ስለ ዘጠኙም ቀን አንድ በአንድ ነገሩት። ፋሂም ሊቀርጽ ስልኩን ሲያወጣ "ይኼን ዕቃ አስቀምጥና በዓይንህ እይ!" ብለው ጮኹበት።

ስልኩን አስቀመጠ። ጥቂት እምቡጡን ሲያይ ቆየና "ግን ሐጂ፣ እምቡጡ ዝናቡ እንደበቃው በምን ያውቃል?" አለ።

ሐጂ ስድሳ ዓመት ከቡና ጋር ኖረው ይህን ጠይቀው አያውቁም።

"እሱን... አላውቅም" አሉ።

ሩፈይዳ ከኋላቸው ሆና ከት ብላ ሳቀች፤ ልታዝንላቸው እንኳ አልሞከረችም።

በዚያ ዓመት የላይኛው መደብ ቡና አንዱ ሲቀላ አንዱ ገና ጥሬ እየሆነ ለቀማው ሰባት ዙር ፈጀ። ሐጂ ማንም ሳይጠራቸው ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ሰባቱንም ዙር መጡ። የፋሂም አለቃቀም ግን እስከ መጨረሻው ዙር አላስደሰታቸውም።