ማብሪያው ነው

አሊዪ ያን የእጅ ባትሪ ከሸዋ ሮቢት ገዝቶ የመጣው በጥር ነበር። ጥቁር ነው፤ ከጣት ብዙም አይበልጥም። ብርሃኑ ግን ከእኛ ደጅ ተነስቶ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያለውን የዛፍ ቅርንጫፍ ያሳይ ነበር። ማብሪያው ከበስተኋላው ነው፤ ላስቲክ የለበሰ፣ በአውራ ጣት የሚጫኑት። አንድ ወር ያህል አኮራው። ከዚያ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ገባና ባትሪው ራሱ በፈለገ ጊዜ መጥፋት ጀመረ። ጎንበስ ሲል ይጠፋል። ጭኑ ላይ መታ ሲያደርገው ይበራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል።

"መልስለት እንጂ" አልኩት አንድ ቀን።

"መለስኩለት ጋሼ ተክሌ። ሻጩ ሲጫነው ቦግ አለ። 'ምን ሆነ ታዲያ?' አለኝ። እሱ ሲይዘው ይበራል፣ እኔ ስይዘው ይጠፋል። ምን ብዬ ልሟገት?"

አሊዪ የጎረቤቴ የአብዱረሂም ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ቀጭን ነው፤ ትከሻው ጠባብ ነው። ስለዚህ በመንደራችን የእህል ጉድጓድ ሲከፈት የሚገባው እሱ ነበር። እኛ ማሽላችንን ከመሬት ውስጥ እናስቀምጣለን። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘጋና በላዩ ጭቃና አፈር ይለበጣል። ክፋቱ አየሩ ነው። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ ሰው የሚተነፍሰው አየር አይገኝም። ይህ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። የገባው ሰው ይደክመዋል፤ ከዚያ ይወድቃል።

አባቴ ያስተማረኝ ሥርዓት አለ። ጉድጓዱ ተከፍቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይተነፍሳል። ከዚያ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ማንም አይገባም። ካልጠፋ ሰው ይገባል፤ ኩራዙም እዚያው አብሮት ይቆያል። ገመድ የያዘው ሰው ዓይኑን ከብርሃኑ ላይ አያነሳም። ብርሃኑ በጠፋ ጊዜ ሳይጠይቅ ይስባል። እሳትም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ ከሰው ቀድሞ ይሞታል።

ሰኔ ሊገባ ሲል አብዱረሂም ሁለት ዓመት ያልተነካውን ጉድጓዱን ሊከፍት አሰበ። በቤቱ የነበረው እህል አልቆ ነበር። ጎህ ሲቀድ እሱ፣ አሊዪ፣ ጎረቤታችን ቃሲምና እኔ ሆነን ድንጋዩን አነሳን። ሲተነፍስ ይዋል ይደር አልኩ። አብዱረሂም ግን በእጁ ወደ ላይ አሳየኝ። ከጣርማ በር በኩል ደመናው ጠቁሮ እየወረደ ነበር።

"እስከ ነገ ክፍቱን ከተውነው ዝናብ ይገባበታል፣ ጋሼ ተክሌ። የገባበት እንደሆነ እህሉ አለቀለት።"

እውነቱን ነው። ረፋድ ድረስ ጠበቅን። "እንግዲያው ኩራዝ ይውረድ" አልኩ።

"ኩራዝ?" አለ ቃሲም። "ነጭ ጋዝ የሚባል ነገር ካየሁ ስንት ዘመኔ! ኩራዝ ያለው ሰው ዛሬ ከተገኘ ራሱንም ሙዚየም ማስገባት ነው።"

ሳቁ። እኔ ቤት ኩራዝ ነበር። ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ ትንሽ ጋዝም ነበረበት። ቤቴ ከዳገቱ ላይ ስለሆነ በእኔ እርምጃ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጉልበቴን ያመኝ ነበር። አልሄድኩም።

አሊዪ ባትሪውን አበራና በሲባጎ አስሮ ወደ ታች ለቀቀው። እየዞረ ወረደ። እህሉ ላይ ደርሶ ተኛ። ጉድጓዱ በሙሉ ወገግ አለ፤ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ይታይ ነበር።

"ይኸው!" አለ አሊዪ። "አልጠፋም!"

አራታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ልቤም ዐረፈ። ባትሪ አየር እንደማይፈልግ ጠፍቶኝ አይደለም። ዓይኔ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ብርሃን ባየ ቁጥር ደኅና ነው ማለት ለምዷል። ያን ዕለትም ደኅና ነው አለ። እኔ አመንኩት።

ገመዱን በብብቱ ሥር አዙሬ አሰርኩለት። ባትሪውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለና ገባ። ቃሲምና አብዱረሂም በሌላ ገመድ ጆንያ ያወርዱለታል፤ እሱ ይሞላል፤ እነሱ ያወጣሉ። የሰውየው ገመድ በእኔ እጅ ነበር።

የመጀመሪያው ጆንያ ሳይሞላ ብርሃኑ ጠፋ። ሳብኩ። አሊዪ እስከ ወገቡ ወጥቶ፣ ጢሙ አቧራ ለብሶ አፈጠጠብኝ።

"ምን ሆንኩ?"

"ብርሃኑ ጠፋ።"

"ማብሪያው ነው እኮ ጋሼ ተክሌ!"

ወረደ። ብዙ አልቆየም፤ ደግሞ ጠፋ። ደግሜ ሳብኩ። በሦስተኛው ጊዜ ብብቱን ገመዱ ልጦት ነበር። ተቆጣ።

"የሚያወጡት እኔን ነው ወይስ ማሽላውን? ስሞላ ጎንበስ እላለሁ፤ ጎንበስ ስል ይጠፋል። ባትሪው ከተገዛ ጀምሮ ጠባዩ ይኸው ነው። እንግዲህ ቢጠፋም አይሳቡኝ። መውጣት ስፈልግ እኔ ገመዱን ሁለት ጊዜ እነቀንቀዋለሁ።"

"እንዲያ ይሻላል" አለ አብዱረሂም። "እንዲህ ከሆነ እስከ ማታም አንጨርስ።"

እሺ አልኩ። በአባቴ ሥርዓት ብርሃኑ ጠፍቶ ዝም ያለ ሰው ይሳባል። አሁን ዝም ያለ ሰው እንዲተው ተስማማን። ይህን ያኔ በዚህ ቃል አላሰብኩትም። እሺ ብቻ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ በራ። ጭኑን ሲመታበት ከላይ ይሰማን ነበር። አራት ጆንያ ወጣ። እህሉ በጎደለ መጠን አሊዪም ወደ ታች እየራቀ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ጠፋ።

"ጠፋ" አልኩ።

"ማብሪያው ነው" አለ አብዱረሂም።

ቃሲም የጆንያ አፍ እየሰፋ ነበር። "አሊዪ ዕድለኛ ነው" አለ። "የእሱ እንኳ ይጠፋል። የእኔው መጥፋት እምቢ ብሏል። ማብሪያውን ብጫን ብጫን አይሰማም። ማታ ማታ ክዳኑን ፈትቼ የባትሪ ድንጋዩን ካላወጣሁ መተኛት የለም። ባለፈው ደክሞኝ ሳልፈታው ተኛሁ። ሚስቴ ብድግ አለችና ነጋ ብላ፣ ውዱእ አድርጋ፣ ሱብሂ ሰገደች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዶሮ ሲጮህ ደግማ ሰገደች። ሁለት ሱብሂ! እኔንም 'አንዱ ላንተ ይሁንልህ' አለችኝ።"

አብዱረሂም ሆዱን ይዞ ሳቀ። "የእኔ ደግሞ በአውራ ጣቴ ወጥሬ ካልያዝኩት አይበራም። ጣቴን ባነሳሁ ቁጥር ጨለማ ነው። በአንድ እጄ ባትሪ፣ በአንድ እጄ ሽርጤን ይዤ፣ ደጅ ወጥቼ ስንት ጊዜ መላው ጠፍቶኛል።"

"የማይበላሸው የጋሼ ተክሌ ብቻ ነው" አለ ቃሲም።

"የእሳቸው ምን ቢሆን ነው?"

"አያበሩታላ! ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ነው የሚያኖሩት።"

እኔም ሳቅሁ። ገመዱ መዳፌ ላይ ላላ ብሎ ተኝቷል። አንድ ጊዜም አልተነቀነቀም። እኔም አላስተዋልኩትም።

የአብዱረሂም ሚስት መሊካ ከቤት ወጥታ በጆግ ውሃ ይዛ መጣች። ከቤቷ እስከ ጉድጓዱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነው። የቃሲምን ነገር ከሩቅ ሰምታ እየሳቀች ነበር። ደርሳ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች።

"አሊዪ፣ ውሃ!"

መልስ የለም።

"ለምንድን ነው የጨለመው?"

"ማብሪያው ነው" አለ ቃሲም።

"ማብሪያው አፉንም ዘጋው እንዴ?" አለች።

ያኔ ገመዱን ሳብኩ። ከበደኝ። አብዱረሂምና ቃሲም መጥተው ያዙ። ሦስታችንም ሳብን። ጭንቅላቱ የጉድጓዱን አፍ መታ፤ ትከሻው ተያዘ፤ መሊካ ክንዱን ይዛ አዞረችው፤ ወጣ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ስናስተኛው ባትሪው ከድንጋዩ ጋር ተጋጨና በራ። ፀሐይ ላይ በራ።

አብዱረሂም የወንድሙን ስም እየጠራ ፊቱን በመዳፉ ይመታዋል። እኔ ደረቱን ገፋሁ። መሊካ አፉን ጠረገች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ትንፋሽ ሳበ። ቆይቶ ሌላ ሳበ። ቃሲም ባጃጅ ይዞ መጣና ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል አደረስነው። አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ሕይወቱ ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ቃላት ይጠፉበታል፤ በተለይ የሰው ስም።

በሐምሌ አጋማሽ አብዱረሂም ለወንድሙ መትረፍ ዱዓ ጠራ። ከቀትር በኋላ ነው። በግ ታርዷል፤ ለእኔ እንደ ሁልጊዜው ሥጋ የሌለበት ለብቻ ቀርቦልኛል። ከዚያ ጫቱ ተዘረጋ። ሼህ ሱሌይማን ዱዓ አደረጉ። አሊዪን አላህ እንዲያሽረው ለመኑ። ቀጥለውም "ያንን ገመድ የያዘውን እጅ አላህ ይባርከው" አሉ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ።

አሊዪ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ..." አለ። ስሜን ፈለገው።

"ጋሼ ተክሌ" አለች መሊካ ቀስ ብላ።

"አዎ። ጋሼ ተክሌ ናቸው ያወጡኝ። ብርሃኑ ሲጠፋ... ወዲያው ነው የሳቡኝ። ወንድሜ ነግሮኛል።"

አብዱረሂምን አየሁት። ምንጣፉን ያያል። ለእኔ አስቦ እንደዋሸ ገባኝ። ለራሱም አስቦ ይሆናል። እኔም አሚን ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። ሰዉ ሁሉ በደግ ዓይን ያየኝ ነበር።

"ወዲያው አልሳብኩም" አልኩ።

"ይተዉት ጋሼ ተክሌ" አለ አብዱረሂም። "አልፏል።"

"ብርሃንህ ጠፍቶ ቆየ፣ አሊዪ። ገመዱ በእጄ ነበር። ማብሪያው ነው ብለን እየቀለድን ነበር። መሊካ ባትመጣ ኖሮ መቼ እንደምስብህ አላውቅም።"

ቃሲም አንድ ቅጠል በጥሶ ነበር። ወደ አፉ ሳያደርሰው ያዘው። ሼህ ሱሌይማን መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

አሊዪ አተኩሮ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም። የሚፈልገው ቃል አልመጣ እንዳለው ሰው ነበር።

"ስንት ያህል?" አለ በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"ጨለማው። ስንት ያህል ነው... የቆየው? እኔ አላውቀውም። የለኝም። እዚህ ጋ ባዶ ነው" ብሎ በሚንቀጠቀጠው እጁ ግንባሩን ነካ።

"በሰዓት አላውቀውም" አልኩ። "ልኩን ግን አውቀዋለሁ። በየቀኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስበዋለሁ።"

"እንግዲያው ዝም እንበል" አለ። "ያን ያህል። ሲበቃ እርስዎ ይንገሩን።"

አብዱረሂም ሊናገር ሲል ሼህ ሱሌይማን እጃቸውን አነሱ። "መብቱ ነው" አሉ። "ዝም በሉ።"

ቤቱ ዝም አለ።

እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጠፋ አልኩ። ማብሪያው ነው አለ አብዱረሂም። ቃሲም መርፌውን በጆንያው አሳለፈ፣ ሳበ፣ እንደገና አሳለፈ። ከዚያ ነው ዕድለኛ ነው ያለው። ሚስቱ ተነሳች። ውዱእ አደረገች። ሰገደች። አላቻኮልኩትም፤ ያኔ በተናገረበት ልክ ነው በልቤ ያስኬድኩት።

በመንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ። አንዱ ሰው ሳል ይዞት አፈነው። ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ። እንዲህ ይረዝማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዓይኔን ስገልጥ አብዱረሂም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ከጣቶቹ መሃል አየኝ። ይብቃ የሚል አስተያየት ነበር። ቃሲምም እንደዚያው ያየኛል። በዚያ ቤት ልኩን እንደ እኔ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። በቃ ብል የሚቃወመኝ አልነበረም።

አሊዪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እጁ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ከአፌ ላይ አላነሳም።

ዝም አልኩ። በልቤ መሊካ ገና ውሃ ይዛ ከቤት አልወጣችም ነበር።