የቀዳም ስዑር ቁርስ

አቻምየለሽ በወጣትነቷ የአቃቂን ወንድ ሁሉ በፍንጭት ጥርሷ ፈጅታለች ቢባል ማጋነን ነው፤ እሷ ግን አታስተባብልም። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቿ ስትስቅ ለማየት ሲሉ ቀልድ ያመጡላት ነበር። ታዲያ ዘንድሮ በሁዳዴ አጋማሽ ከቅዳሴ ተመልሳ ሽምብራ ቆሎ ስትቆረጥም አንደኛው የፊት ጥርሷ ከሥሩ ተነቀለ። ጥርሱን በመሐረብ ቋጠረች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አልበላችም።

ሳዲያ ባትኖር ኖሮ ማንም ባላወቀባት። ሳዲያ በሯ ከእሷ በር ትይዩ የሆነ የወሎ ሴት ናት፤ ባሏ ጁማ የጭነት መኪና ይነዳል። ሁለቱ ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ኬክ ቤት ሄደው ቁርስ ይበላሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይመለሳሉ። በሁዳዴም ቅዳሜ ጠዋት መብላት ስለሚፈቀድ አቻምየለሽ የጾም ፈጢራ በሻይ ታዛለች። ልጆቿ ርቀውባታልና ሳዲያ ለእሷ ከእህትም በላይ ናት።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ስለገጠሙ ልማዱ ተቋርጦ ነበር። ኢድ እንዳለፈ ሳዲያ ቅዳሜ ጠዋት ለባብሳ አንኳኳች።

«ተነሽ እንጂ፣ ፈጢራው ናፈቀኝ!»

«ጾም ነው» አለች አቻምየለሽ ከነጠላዋ ሥር።

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ይባስ ብሎ የሳዲያ ልጅ አማል በዚያው ጠዋት ድስት ልትመልስ ስትገባ፣ እትዬ አቻም ጀርባዋን ሰጥታ ዳቦ በሻይ እየነከረች ስትበላ አገኘቻት። አማል ደግሞ ያየችውን ለእናቷ የማትነግር ልጅ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ ሳዲያ አላንኳኳችም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው አጠረ። አቻምየለሽ እውነቱን ልትነግራት ፈለገች፤ ግን ለማስረዳት አፍ መከፈት አለበት፣ ጉዱ ያለው ደግሞ እዚያው አፍ ውስጥ ነው።

እንዲህ እንዳሉ ቀዳም ስዑር ደረሰ። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀመስ የሚጾመው ይህ ቅዳሜ ብቻ ነው። አቻምየለሽ አክፍሎት ይዛ ከስቅለት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ለፋሲካ ድፎ ያቦካችው ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ኮባውን እያጠበች ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ሳዲያ ናት፤ ለባብሳለች፣ ፊቷ ግን ጠቁሯል። የክርስቲያኑን ጾም የምታውቀው በጎረቤት ዓይን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ይበላል፣ አለቀ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ቁርስ እንሂድ?»

አቻምየለሽ ክው አለች። እሺ ብትል አክፍሎቷ ሊፈርስ ነው፤ ጾም ነው ብትል ማን ሊያምናት! ያን ቃል በውሸት አውጥታ ጨርሳዋለች። ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች።

«ገብቶኛል» አለች ሳዲያ። «ከእስላም ጋር መብላት አስጠልቶሽ ከሆነ ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ኧረ በማርያም!» አቻምየለሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገፈፈችው። «ይኸው፣ እይው! ይህን ይዤ ያ ሁሉ ሰው ፊት ተቀምጬ ላኝክ? ያን ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። ዛሬ ግን ልጆቼን፣ የእውነት ጾም ነው፤ ቀዳም ስዑር ነው!»

ሳዲያ ጎንበስ ብላ አየች። ያ ዝነኛ ፍንጭት ሚኒባስ የሚያሳልፍ በር ሆኗል።

«ጥርስ ነው?» አለች። «ጥርስ ብቻ ነው? አልሐምዱሊላህ!» የበሩን መቃን ተደግፋ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ እንባዋ ወረደ። አቻምየለሽም አፏን ሳትሸፍን ሳቀች።

ሳዲያ እንባዋን እየጠረገች ድንገት ቀዝቀዝ አለች። «እኔ እኮ በየቀኑ ይህን በር እያየሁ መኖር አቃተኝ። ጁማን ሌላ ሰፈር ቤት ፈልግልን ብዬው፣ ይኸው ዛሬ ሊያይ ሄዷል።»

አቻምየለሽ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ደውዪለት! አሁኑኑ!»

ሳዲያ ስልኳን አወጣች።

«ጁማ፣ ቤቱን ተወው! አዎ፣ ተወው፣ ተመለስ። ጥርስ ነው!»

«የምን ጥርስ?» ሲል ድምፁ እስከ ደረጃው ተሰማ። ሁለቱም ሳቁ አላስችል ብሏቸው የሚመልስለት ጠፋ።