ረቡዕ ረቡዕ ሚሲዮኑ በር ላይ

«በአንድ ጆሮዋ ብቻ የምትሰማ ልጅ፣ ሰማንያ ተማሪ መሀል አስተማሪው የሚለውን በምን ትሰማዋለች?»

ሀሊሞ ይህን የጠየቀችው ልጇን በድሩን ነው። እሱ ግቢው ውስጥ ግንቡ ላይ በሰቀላት መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ምላጩን አረፋ በሞላው ጉንጩ ላይ ማስኬዱን ቀጠለ። ትናንት ማታ ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሶ፣ «ፋርቱን ከእንግዲህ ካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አትሄድም። መልቀቂያ አውጥቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ብሎ ተኛ። እሱ ተኛ፤ ሀሊሞ ግን ስትገላበጥ አነጋች።

«ፊት ወንበር ትቀመጣለች» አለ በመጨረሻ።

«ፊት ወንበር! አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት እዚያው አይደል? ዴስኩን በወገቤ አውቀዋለሁ።»

የልጅ ልጇ ፋርቱን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስራለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ሀሊሞ ናት። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትፈተናለች። በጦርነቱ ጊዜ ሠፈራቸው አጠገብ የወደቀ የመድፍ ጥይት ግራ ጆሮዋን ይዞት ሄዷል። ቤተሰቡ ግን ይህን ያወቀው ቆይቶ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብታ ሁለተኛ ክፍልን ስትደግም፣ መምህሯ ዓብዱልአዚዝ ሀሊሞን አስጠርቶ፣ «ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ አትሰማም። እኔ ደግሞ የክፍሌን ልጆች ስም እንኳ ጠርቼ አልጨርስም። አቅም ካላችሁ ተማሪ የሚያንስበት ውሰዷት» አላት። ስለዚህ ሀሊሞ የመንግሥትን ትምህርት ቤት አትሰድብም። ሚሲዮንን ያመላከታት የመንግሥት አስተማሪ ነው።

ግቢውን የምትጋራቸው የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሙሉነሽ ጭቅጭቁን ሰምታ ብቅ አለች።

«አንቺ ሀሊሞ፣ ምን ያስጮህሻል? የእኔ ልጅ እዚያው የመንግሥት ትምህርት ቤት አይደል የምትማረው? ከሰማንያ ልጅ አንደኛ ወጣች። ያንቺዋ ከሠላሳ ልጅ ሦስተኛ ስትወጣ ከበሮ እናስመታ?»

«ያንቺዋማ ጆሮዋ ግድግዳ ይበሳል! እኛ ቤት የሚወራውን አንቺ ዘንድ የምታደርሰው እሷ አይደለች?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ሙሉነሽ እየሳቀች። «ግን በድሩ ምን ያድርግ? የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ክፍሉ ትናንት ስብሰባ ላይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካዋረደው በኋላ...»

«ምን ብሎ?»

ሙሉነሽ ወደ በድሩ ዞረች። «ሳትነግራት ነው ያደርከው?»

በድሩ ምላጩን ውሃ ውስጥ ነከረው። የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ ለፓርቲ አባልነት ታጭቷል። አባል ከሆነ ፎርማን መሆኑ አይቀርም።

«እናትህ ካቶሊክ ሆነዋል አለኝ» አለ። «ረቡዕ ረቡዕ ሚሲዮኑ በር ላይ ሰው ሁሉ ያያቸዋል አለ። የእጩ አባል ቤት የሚሲዮን ቤት ሊሆን አይገባም አለ። ተሳቀብኝ፣ እማ።»

ሀሊሞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ረቡዕ በሚሲዮን የሃይማኖት ትምህርት ቀን ነው። በዚያ ሰዓት የሙስሊም ልጆች ወደ ሜዳው ወጥተው ይጫወታሉ። የሚሲዮኑ መነኮሳት፣ ሲስተሮቹ፣ ፋርቱንን ገና ሲመዘግቡ ይህን ነግረዋታል፤ ሀሊሞ ግን አላመነቻቸውም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየረቡዑ ከሠፈሯ ከመጋላ ተነሥታ፣ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግራ፣ በሩ አጠገብ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። ፋርቱን ከሙስሊሞቹ ልጆች ጋር ስትወጣ በዓይኗ ሳታይ አትመለስም። ሰው ግን እሷን ዘብ ቆመች አላለም፤ ደጅ ጠናች አለ።

«እኔ? ካቶሊክ?» አለች። «ሃይማኖቷን እንዳይነኩባት በፀሐይ የተጠበስኩት እኔ?»

ሙሉነሽ በሻሿ አፏን ሸፈነች። «ክርስትና መነሣትሽ ካልቀረ፣ እኔን ጎረቤትሽን ትተሽ ፈረንጅ ዘንድ ትሄጃለሽ?»

በድሩ እንኳ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ፊቱን አጠቆረ። «ጓድ ክፍሉ ጠዋት ወደ ቀበሌ ሲሄድ በዚህ ያልፋል። መልስ ይፈልጋል። መልሱን ሰጥቼ መልቀቂያዋን ላወጣ እሄዳለሁ።»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች ፋርቱን።

ሦስቱም ዞሩ። ቀኝ ጆሮዋን ወደ እነሱ አድርጋ ቆማለች።

«ዘጠነኛ ክፍል ሚሲዮን ውስጥ የለም። ስለዚህ ካለፍኩ የመንግሥት እገባለሁ፤ አልፈራም። ፈተናዬን ሳልፈተን ግን አልወጣም።»

«አባትሽ ነኝ፣ ፋርቱን!»

«እንቢ የምለው አንተን አይደለም፣ አባ። ጓድ ክፍሉን ነው።» ከዚያ «አኮ» ወደምትላት አያቷ ዞረች። «አንቺም፣ አኮ፣ ረቡዕ አትምጪብኝ። ስንት ዓመት ስትጠብቂኝ የት ጠፋሁ?»

ቀኑ ረቡዕ ነው። ሀሊሞ የቀበሌ ሰው ስታይ መንገድ የምትለውጥ ሴት ናት። ልጅቷን ተከትላ ብትሄድ፣ በድሩ እዚህ ብቻውን ቀርቶ እሺ ይላል፤ ይህን ታውቃለች። ብትቀር ደግሞ ፋርቱን ወደ ሜዳው መውጣቷን ማን ያይላታል?

«በድሩ፣ ፊትህን ታጠብና ሥራህ ሂድ» አለች። «ክፍሉን እኔ አነጋግረዋለሁ። ካቶሊክ ሆነሻል ብሎ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። ፓርቲው ላንተ፣ ልጅቷ ለእኔ።»

«ያሥሩሻል፣ እማ።»

«ይሠሩኛ! በስተርጅና ካቶሊክ ሆነች ብለው አሥረውኝ የመጋላ ሰው ሲስቅባቸው ይዋል።»

ከግቢው በር ውጭ የሰው ኮቴ ሲቀርብ ተሰማ። ሀሊሞ የልጅ ልጇን ክንድ ያዘች።

«በድልድዩ ሂጂ። በግራሽ የሚመጣ መኪና አትሰሚምና ዞር ዞር እያልሽ። ከማንም ጋር አታውሪ። ሜዳው ላይ ስትወጡም ከአጥሩ አጠገብ... ተይው። ሂጂ።»

እጇን ለቀቀቻት። ፋርቱን ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቀፈች፤ የግቢውን በር ከፍታ፣ ሊያንኳኳ እጁን ባነሣው በጓድ ክፍሉ ጎን፣ ቃል ሳትተነፍስ አልፋ ወጣች።