የጥዱ ድምፅ

ፍሥሐ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። አርባ ዓመት ያለፈው አናጢ በገዛ ሱቁ ውስጥ እንደ ተቀጣ ተማሪ መቆሙ ሳያሳፍረው አልቀረም፤ ግን ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ነው። ከኋላው ሙዚቀኛዋ ሔራን ከሁለቱ ጊታሮች አንዱን ጭኗ ላይ አጋድማ ትቃኛለች።

«ልጀምር ጋሽ ፍሥሐ?»

«ጀምሪ። ጥዱን ባላውቀው ጆሮዬ ይቆረጥ!»

ጊታሮቹ ደረት ላይ የሚታቀፉት ዓይነት አይደሉም፤ ጭን ላይ ተጋድመው፣ ክሮቻቸው በብረት እየተዳበሱ የሚመቱ ናቸው። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ተቀብተዋል። የክሩን ንዝረት ለቅሞ ወደ ማጉያው የሚልከው ማግኔት፣ ሙዚቀኞች ፒክአፕ የሚሉት፣ እሱም በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት በእንጨታቸው ብቻ ነው። አንደኛው ፍሥሐ ከሦስት ዓመት በፊት ለራሱ የሠራው የጥድ ጊታር ነው። ሔራን እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ሠርግ ላይ ሲጫወትበት ሰምታ ሽጥልኝ ብላ ብትለምነው እምቢ አላት። በምትኩ፣ ፒክአፑን ራሷ ከአዲስ አበባ ልካለት፣ ከሕንፃ ሥራ በተረፈ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሌላ ሠራላት። ዛሬ ልትወስደው ስትመጣ «ድምፅ ከእንጨት ነው የሚመጣው፤ የኔን ያህል አይሆንልሽም» ብሎ አስጠነቀቃት። እሷ ሳቀች፤ እሱ ተናደደ፤ እንግዲያው ፊቴን ላዙርና ፈትኚኝ አላት።

ሔራን በትዝታ ቅኝት ተጫወተች። ቀጥላ ሁለተኛውን አነሳችና ያንኑ ደገመችው። ፍሥሐ ሁለተኛው ሲጀምር ሰውነቱን አንዳች ነገር ወረረው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይሄኛው ነው» አለ ሳያመነታ። «ያኛው ደረቅ ነው። ይሄ ግን ቅዳሴ ሲሰማ የኖረ እንጨት ነው።»

ሊያየው ዞረ። ሔራን ጭን ላይ ያለው፣ ጠርዙ አንድም ጭረት የሌለው አዲሱ ጊታር ነበር፤ ባሕር ዛፉ።

ድገሚው አላት። ደገመችለት፤ ዳግመኛ ተሳሳተ። በሦስተኛው ቢያገኘውም በግምት እንዳገኘው ራሱ ያውቃል።

«ፒክአፑ የሚሰማው ክሩን ነው፤ እንጨቱን ብዙም አይሰማም» አለችው ለስለስ ብላ። «ያንተን እንዲያ ያሳመረው ፒክአፑና እጅህ ነው። ደስ ሊልህ ይገባል እኮ!»

ልታጽናናው ነው። ምን እንደነጠቀችው ግን በምን ትወቅ?

ያ ጥድ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ባለው ደብር የጣሪያ ተሸካሚ ነበር። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሲሚንቶ ሲሠራ እንጨቶቹ ለቤተ ልሔሙ ማደሻ ተብለው ተከመሩ። ከመቅደስ የወረደ እንጨት ለሰው ጉዳይ አይውልም፤ ይህን የቄስ ልጅ አላውቅም አይልም። ፍሥሐ ግን አንዱን ወሰደ። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ገበዝ ደግሞ የገዛ አባቱ፣ ቄስ ዘርአ ዳዊት ነበሩ። ሲደርሱበት «አባ፣ ይህን ድምፅ የሚሰጥ ሌላ እንጨት በዓለም የለም» አላቸው። ቄሱ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆመው «የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። የገበዝነቱን ቁልፍ ተቀበሏቸው። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ሊጠይቃቸው ሲሄድ ይመርቁታል እንጂ ስለ እንጨቱ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ እሱም ጊታሩን ሊያሳያቸው ወኔ አላገኘም። ኃጢአት ቢሆንም ለትልቅ ነገር የተሠራ ኃጢአት ነው እያለ ራሱን ሲያባብል ኖሯል።

«በቃ ቀለል የሚለውን ልውሰድ?» አለች ሔራን ሁለቱን በእጇ እየመዘነች። ቀላሉ ጥዱ ነበር። «ባሕር ዛፉ ጭን ይሰብራል።»

«ውሰጂው!»

የተቆጣው እንጨቱ ላይ ነበር፤ እንዳታለለው ሰው። መኪናዋ ከአስፋልቱ ማዶ ስትሰወር ነው ያደረገው ነገር የገባው። ሮጦ አይደርስባት። ከሱቁ በር ላይ ትንሽ ቆመና ባሕር ዛፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ለአባቱ ሁሉንም፣ ድምፁ ከጥዱ እንዳልነበረ ሳይቀር ይነግራቸዋል፤ ይቅርታም ይጠይቃቸዋል። ካላመኑት ማስረጃው ይኸው፣ የሕንፃ ሥራ መወጣጫ የነበረ ጣውላ። የአንኮበር መንገድ ክፍት የሚሆንበት ቀን ስለማይታወቅ ለነገ ማሳደር አልፈለገም።

ሲደርስ ጉም ከቆላው እየወጣ ነበር። ቄስ ዘርአ ዳዊት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደብሩ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፉን ካስረከቡ ወዲህ ካልቀደሱ በቀር ግቢው ውስጥ አይቆዩም። ፍሥሐ ጉልበታቸውን ስሞ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አባ፣ ልነግርዎ የመጣሁት ነገር አለ።»

ቄሱ ግን ዓይናቸው ጨርቁ ላይ ነበር።

«አመጣኸው?» አሉ። «እኔ አልጠይቀውም፣ ራሱ ያመጣዋል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«አባ፣ እስቲ መጀመሪያ...»

«ቁልፉን የተቀበሉኝ ቀን ያላሉኝ የለም፤ ሌባ ተብያለሁ። እኔ ግን በሆዴ፣ ያ እንጨት የትም ቢሆን እያመሰገነ ነው እል ነበር። እስከ ዛሬ ያኖረኝ ይኸው ነው፣ ልጄ። በል አሰማኝ።»

ማጉያ አልያዘም። ፍሥሐ ጨርቁን ፈትቶ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ፤ በእርግጥም ይከብዳል። ክሩን ቢነካው ድምፁ ከዝንብ አይበልጥም። ቄሱ ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ከጣውላው ላይ ለጠፉ። ፍሥሐ አንድ ክር መታ፤ ደግሞ ሌላ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ንዝረቱ እስኪያልቅ ሰሙ።

«እሱ ነው» አሉ። «አወቅሁት! በሰሜን በኩል፣ ከመዘምራኑ ራስ በላይ የነበረው ነው።»

ፍሥሐ ባሕር ዛፍ ነው ሊላቸው አፉን ከፈተ። ጠዋት ግድግዳው ፊት ቆሞ እሱም የተናገረው ልክ እንደዚህ ነበር፤ እንባው ሳይቀር።

ቄስ ዘርአ ዳዊት ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና ጣውላውን ሦስት ጊዜ ተሳለሙት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ወደ ልጃቸው ፊት ከፍ አደረጉለት።

«አንተም ተሳለም እንጂ» አሉት።

ቀለሙ ገና ይሸታል። ፍሥሐ አንገቱን ደፍቶ ተሳለመ።