ጌታው እህል አልቀምስ ሲል

ፍራሽ ሰሪው ውሻ አሳድጎ አያውቅም። ከጓዳው በስተቀር ቤቱ ሁሉ ጥጥ ነው። ጥጥ ባለበት ቤት ፀጉሩ የሚረግፍ እንስሳ አይገባም፤ ምግብም አይገባም። ፍርፋሪ የወደቀበት ጥጥ አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ከመጣ ደግሞ ደንበኛ አይመጣም። አርባ ዓመት በዚህ ደንብ ኖሯል።

ታላቅ እህቱ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ግን ውሻዋ መጠጊያ አጣ። በቃሬዛ ሲወስዷት የወንድሟን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። የተናገረችው ስለ ዳሌዋ አልነበረም።

“ጌታውን አደራ። ምግብ ላይ አስቸጋሪ ነው። ካልበላ ይሞትብኛል።”

“እትዬ፣ አሁን ስለ ራስሽ አስቢ።”

“አደራ አልኩህ እኮ።”

ጌታው የውሻው ስም ነው። ቡናማ ነው፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ሸምገል ያለ። ሲሄድ አይቸኩልም፤ ሲቀመጥ ቦታ ይመርጣል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እህቱ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ለፍራሽ ሰሪው ደግሞ የእሷ አደራ እንደ ሌላ ሰው አደራ አይደለም። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። አጥባ፣ አልብሳ፣ ተቆጥታ ያሳደገችው እሷ ናት።

በመጀመሪያው ቀን ደጃፉ ላይ ሩዝ በመረቅ አቀረበለት። ጌታው አሸተተ። ቀና ብሎ ሰውየውን አየ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ፍራሽ ሰሪውም በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ጠበቀ። ውሻው እሱን ያያል፤ እሱ ውሻውን ያያል። መረቁ ቀዘቀዘ፣ ቅባቱ ረጋ።

“ብላ እንጂ” አለው።

ጌታው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በማግስቱ እንቁላል ቀቀለለት። ከዚያ ወተት ሰጠው። ከዚያ ዳቦ በወተት አራሰለት። ውሻው ውሃውን ብቻ ይጠጣል፤ ሳህኑ ጋ ሲደርስ ያሸትታል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍራሽ ሰሪውም አብሮት አይበላም። እንግዳ ባዶ ሆዱን ተቀምጦ እሱ መብላት አይሆንለትም፤ ከልጅነቱ እንዲያ ነው። ሲርበው ከጓዳው በር ጀርባ ይቆምና፣ ውሻው እንዳያየው ተደብቆ፣ ከኮቱ ኪስ ዳቦ አውጥቶ ሁለቴ ይገምጣል። የቀረውን መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

በአራተኛው ቀን ሥጋ ሻጩ ዘንድ ሄዶ ጉበት ጠየቀ። የድሮ ወዳጆች ናቸው።

“አንተ ደግሞ ጉበት መብላት ከመቼ ጀመርክ?” አለ ሥጋ ሻጩ።

“ለእንግዳ ነው።”

“ምን ዓይነት እንግዳ?”

“አራት እግር አለው።”

ሥጋ ሻጩ ቢላውን አስቀመጠ። “ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ያንተውስ?”

“አልበላም። አልጮኸምም።”

“እንግዲያው ይሉኝታ ያለው ውሻ ነው።” ጉበቱን ጠቀለለና ወዳጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው። “ለመሆኑ ከሁለታችሁ የታመመው የትኛው ነው? ሱሪህን ቀበቶው ብቻ ነው የያዘው።”

“ሥራ በዝቶብኝ ነው።”

“እሺ፣ ይሁንልህ።”

ጉበቱም ከሌላው አልተሻለም። ጌታው አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ለሀጩ እየተንጠባጠበ ወደ ኋላ ተመለሰ። ፍራሽ ሰሪው ለሀጩን አየ። ያምረዋል ማለት ነው። ያምረዋል፣ ግን አይበላም። ይህን ማሰብ ከረሃቡም ይበልጥ አደከመው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደው። ሐኪሟ ጥርሱን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ልቡን አዳመጠች።

“ጥርሱ ደህና ነው፤ ሆዱም ደህና ነው። አባባ፣ ይሄ ውሻ ሆድ ብሶት ይሆናል።”

“ለባሰው ሆድ መድኃኒቱ ምንድን ነው?”

“እሱን ለሰውም አላገኘንለትም። እስከ ዓርብ ካልበላ ይዘውት ይምጡ፤ ምግብ በመርፌ እንሰጠዋለን። ግን በዚህ ዕድሜው እንዲያው ተስፋ ልስጥዎት አልልም።”

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደ። እህቱ ገና በሩ ላይ ሲታያት ጠየቀች።

“በላ?”

“በላ።”

“ምን በላ?”

“ሩዝ።”

“ሳህኑን ላሰው?”

“ላሰው።”

ውሸት አልለመደምና ጆሮው ጋለ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነች፤ ግንባሯ ላይ የተቋጠረው ሕመም ቀስ ብሎ ተፈታ። ስለዚያ ግንባር ደግሞ ቢዋሽም አይጸጽተውም። ነገር ግን ከዓርብ በኋላ የሚዋሸው አይኖርም። የሞተ ውሻ ሩዝ በላ አይባልም።

ሐሙስ አንድ የቆየ ፍራሽ ፈታ። ባልና ሚስት ሃያ ዓመት የተኙበት ነው። እሱ ፍራሽ ሲፈታ ብዙ ነገር ያያል፤ አይናገርም። በዚህኛው ላይ ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ፤ ዓመት በዓመት ሲቀራረቡ ኖረው መሃል ላይ ገጥመዋል። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ጠምጥሞ ጥጡን በደጋኑ መንደፍ ጀመረ።

ደጋኑ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዷ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ዷ ይላል። ሃያ ዓመት የተጋደመው ጥጥ እየባነነ ተነሳ። በመስኮቱ ፀሐይ ገብታለች። ጥጡ በብርሃኑ ውስጥ ተንሳፈፈ፤ ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች አይለይም። ግድግዳው ራቀ። ወለሉ ጠፋ። ጌታው ደፉ ላይ ተኝቷል፤ ጠዋት የቀረበለት ሩዝና ጉበት አጠገቡ አለ። ጥጥ ጀርባው ላይ አረፈ፣ ጆሮው ላይ አረፈ፤ ቡናማው ሁሉ እየነጣ ሄደ። ነጩ ክምር ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ፍራሽ ሰሪው፣ ይሄ ውሻ ቀስ በቀስ ጥጥ እየሆነ ነው ብሎ አሰበ። ነገ ላንሳው ብል ክብደት አይኖረውም። እፍ ብለው ይሄዳል።

እጁ ዛለ። ትንሽ ልረፍ ብሎ ክምሩ ላይ ጋደም አለ።

ፍራሽ የሠራላቸው ሰዎች ሁሉ በአየር ላይ እንደተኙ ሲያልፉ አየ። ፍራሽ የላቸውም፤ ግን አይወድቁም። ሟች ሚስቱም እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ በጎኗ አለፈች። ጌታው ከአንዱ ደረት ወደ ሌላው እየተራመደ ይከተላቸዋል። ማንም አይነቃም።

ሲባንን ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ከሕልሙ ገና በሙሉ አልወጣም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርቦታል። ደንቡን ረሳ። እንግዳም እንዳለው ረሳ። አፉ ላይ ያለውን ጨርቅ አወረደ፣ ከኮቱ ኪስ ዳቦውን አወጣ፣ እዚያው ጥጡ መሃል ተቀምጦ ገመጠ።

ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማ። የሚያኝክ አፍ ድምፅ ነው።

ዘወር አላለም። ማኘኩን አቆመ። የበሩም ድምፅ ቆመ። እንደገና ገመጠ። በበሩ በኩል ሳህኑ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ።

አሁን ዘወር አለ። ጌታው ጥጥ እንደለበሰ ሳህኑ ላይ ቆሟል፤ አፉ ሩዝ ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ግን ከሰውየው አፍ አልተነቀለም። ሰውየው ሲያኝክ ያኝካል፤ ሰውየው ሲውጥ ይጠብቃል። ዳቦው አለቀ፤ ሳህኑ ግን ገና ግማሽ ነው። ፍራሽ ሰሪው ኪሱን ፈተሸ፤ ምንም የለም። ውሻው እንዳይሸሽ እየሰጋ በቀስታ ተነሳ፣ ከጓዳ ድስቱን ይዞ መጣ፣ ደፉ ላይ ከውሻው ጎን ተቀመጠና ቀዝቃዛ ሩዝ በማንኪያ እያነሳ በላ። ሳህኑ እስኪላስ ድረስ በላ።

ዓርብ ወደ ሐኪሟ አልሄደም። ወደ እህቱ ሄደ።

“እትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ” አለና ሁሉንም ነገራት።

ሳታቋርጥ አዳመጠችው። “ቆይ፣ አንተ ቁጭ ብለህ እያየኸው ነበር የምትሰጠው? ሳትበላ?”

“እንግዳ አይደል? እንግዳ ሳይጠግብ እጅህን እንዳትሰድ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።”

“እሱን ደግሞ ሰው ሳይቀምስ ሳህንህን እንዳትነካ ብዬ ነው ያሳደግኩት። አስቸጋሪ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። ሰው ይበላል ብዬ እንጂ ሳትበላ ትውላለህ ብዬ መች አሰብኩ?”

ተያዩ። እሷ መሳቅ ጀመረች። ዳሌዋ አመማት፤ ዳሌዋን ይዛ ሳቀች። አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ከእንቅልፏ ነቅታ ምን ተገኘ አለች።

“ሁለት ወንድ አሳድጌ በጨዋነት ሊያልቁብኝ ነበር።”

ሳቋ ሲበርድ፣ “እስቲ እጅህን አምጣ” አለችው። ክንዱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ለካች። ጣቶቿ ተገናኙ።

“ይሄ የስድስት ቀን ረሃብ አይደለም” አለች። “ሚስትህ ከሞተች ጀምሮ ነው።”

እሱ መስኮቱን አየ።

“ስማ። እዚህ ገና ወር እቆያለሁ። የእሱ ሆድ ያንተ አፍ ላይ ነው ያለው። አንተ ሁለቴ ከገመጥክ እሱም ሁለቴ ነው የሚገምጠው። ገባህ?”

“ገባኝ።”

“ሄደህ ትኩስ ነገር ሥራ።”

ቤት ገብቶ ምድጃውን ለኮሰ። ሽንኩርት ከተፈ፣ ሥጋ ቀቀለ፣ ሩዝ ጨመረበት። ትንሿን ጠረጴዛ ከጓዳ አውጥቶ አቧራዋን ጠረገና ደጃፉ ላይ አቆማት። ለራሱ በሳህን አወጣ፤ ለጌታው ያለ ሽንኩርት ለብቻ አወጣ። ተቀመጠ። ውሻው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ጠበቀ። ሰውየው አንድ ማንኪያ ጎረሰ፤ ውሻው መጣ።

በላ፤ በላ። የሰፈሩ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ ከውስጥ አንዳንድ የጥጥ ብናኝ እየወጣ በፊታቸው ያልፋል። ሰውየው ሳህኑ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ጠገበ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

ጌታውም አፉን ከሳህኑ አነሳ። ቀና ብሎ አየው።

ፍራሽ ሰሪው የውሻውን ሳህን ተመለከተ። ገና ብዙ ቀርቶታል። ማንኪያውን መልሶ አነሳ።