በእኔ ድምፅ የተገባ ቃል

ድምፄን ደግ ለማድረግ ብዙ ለፍተውብኛል። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ እናቴማ «አንቺ ስትወለጂም ተኮሳትረሽ ነው» ትለኛለች። መሥሪያ ቤታችን ግን የሁላችንንም ድምፅ ሲሞክር ቆይቶ የእኔን መረጠ። ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል አስቀምጠው «ደህና አደርሽ እማዬ»፣ «አይዞሽ»፣ «መድኃኒትሽን ወስደሻል?» እያስባሉ ቀዱኝ። የሚቀዳኝ ልጅ በየመሃሉ እባክሽ ትንሽ ፈገግ በይ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ማሽኑ እኔ ያላልኩትንም በእኔ ድምፅ ማለት ቻለ።

ኩባንያችን ሲጀመር ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ብቻ ነበሩት። የባሕር ማዶ ሰዎችን ቅሬታ በስልክ እየተቀበልን፣ የፕሮግራሞቻቸውን ስህተት እያረምን እንውላለን። ዛሬ ሊፍት ያለው ሕንፃ ሙሉውን የእኛ ነው፤ ጋዜጣው ስለ እኛ ያወራል፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ አስቀጥሪኝ ይለኛል። አዲሱ ሥራ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል ተባለ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች በየጠዋቱ እየደወለ እንዴት አደራችሁ የሚል፣ የሚያጫውታቸው ማሽን ነው። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ናቸው፤ ቋንቋውን የምናስተምረው እኛ ነን። መሞከሪያ የሚሆን አዛውንት ሲጠፋ፣ እያንዳንዳችን ወላጆቻችንን እንድናስመዘግብ ተነገረን። እኔም እናቴን አስመዘገብኩ።

አልደበቅኳትም። ማሽን ነው፣ እኔ አይደለሁም ብያታለሁ፤ እሷም እሺ ብላለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሜ ደወለ። እማዬ ልጄ በየቀኑ ትደውልልኛለች እያለች ለሰፈሩ ሁሉ እያወራች ነው፣ ተባረኪ አለኝ። ያኔ ነበር ነገሩን ማስተካከል። አላስተካከልኩም። ጠፋሽ እያለች ትቀየመኝ የነበረችው ሴትዮ መቀየሟን ተወች፤ እኔም ሥራ ይዞኝ ስጠፋ የሚወቅሰኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ተመቸኝ።

የቀን ሥራዬ መስማት ነው። የተቀዱ ንግግሮች ያለ ስም ይመጡልኛል፤ ማሽኑ የተሳሳተበትን እያረምኩ ነጥብ እሰጣለሁ። የሰው ምሥጢር ስለሚሰማበት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በር ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ከመውጫ ሰዓት በፊት ለመውጣት ደግሞ አለቃችን በካርዱ ሊከፍትልን ይገባል። ሽንት ቤት የቆየንበትን ሳይቀር ስለሚቆጥር «ቆጣሪው» እንለዋለን።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማዳመጫዬን አጥልቄ አንዱን ንግግር ከፈትኩ። መጀመሪያ ሳል ሰማሁ። ያቺን ሳል የትም ብሰማት አውቃታለሁ።

«ልጄ፣» አለች እናቴ፣ «ይሄ ግራ እጄ ደነዘዘኝ። ደረቴንም ይጫነኛል። ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ እሱ ድንጉጥ ነው። ትመጪያለሽ?»

«አይዞሽ እማዬ፣» አልኩ። እኔ አይደለሁም፤ ድምፄ ነው። «እመጣለሁ። እስከዚያ ዕረፍት አድርጊ። መድኃኒትሽን ወስደሻል?»

በዚሁ አለቀ። ስክሪኑ ላይ የሁልጊዜው ጥያቄ መጣ፤ መልሱ ፍቅር የተሞላበት ነበር ወይ፣ ከአምስት ኮከብ ስንት ይገባዋል ይላል።

ከላይ ያለውን ቀን አየሁ፤ ከትናንት በስቲያ ነው። ደግሜ አየሁት፣ ያው ነው። ከትናንት በስቲያ እኔ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ከጓደኞቼ ጋር ስስቅ ነው የዋልኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔስ አፌም ባዳ ሆነብኝ።

ወደ ቆጣሪው ስሮጥ የማዳመጫው ገመድ አንገቴን ይዞ ጎተተኝ። ክፈትልኝ አልኩት። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ነገርኩት፤ እናቴ ታማለች፣ እመጣለሁ ብያት ሁለት ቀን ሆነኝ፣ ያልኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም እያልኩ ዘባረቅኩ። እንዲህ የሚል ሰው እብድ ነው ሊባል ይገባው ነበር። እሱ ግን ወዲያው ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን ከፈተልኝና እኔን ተከትሎ ወጥቶ የራሱን ሳጥን ከፈተ። የእሱም እናት ተመዝግበዋል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ደገምኩ። ተይዟል። መጀመሪያ እፎይ አልኩ፤ ተያዘ ማለት በሕይወት አለች ማለት ነው። ቀጥሎ ከማን ጋር እንደምታወራ ገባኝ፤ ሰዓቱ ማሽኑ የሚደውልበት ሰዓት ነው። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ስልኩን አንስታ ከእጇ ወድቆባት ቢሆንስ፣ እሷ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ማሽኑ ብቻውን እያወራ ቢሆንስ? ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩን ፍጠን እያልኩ አሰለቸሁት፤ እህቴ፣ መኪናው ክንፍ የለውም እኮ አለኝ። ለወንድሜ ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳሁና ምን እንደምለው ጠፋኝ።

እናቴ ደጅ ስንደርስ ሹፌሩን ጠብቀኝ ብዬው ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማ ብዬ ልጣራ ስል፣ ከውስጥ፣ ከስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ የራሴ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ አለሽ?» ይላል ለስለስ ብሎ።

ዝም።

«እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ዝም። ደፉ ላይ ቆምኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ ደረሰ አልኩ በልቤ። ከዚያ ሳሏን ሰማሁ።

ወንበሯ ላይ ናት። ጫማዋን አድርጋ፣ የውጭ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሐኪም ቤት እንድወስዳት እንዲህ ለባብሳ ስትጠብቀኝ እንደነበር ኋላ ነው ያወቅኩት። ፊቷ ገርጥቷል፣ ግራ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ቆይ ልጄ፣ ሰው መጣ፣» አለች።

ከዚያ እኔን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። እናቴ አንድም ቀን እኔን ፈርታኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ፈራችኝ። ስልኩን ከእጇ ቀማሁና ማሽኑ «እሺ እማዬ፣ እጠብቃለሁ» እያለ ዘጋሁት። እኔ ስፈራ እቆጣለሁ፤ ጮህኩባት። ለምን ጎረቤት አልጠራሽም፣ ለምን ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ እያልኩ ቦርሳዋን አንስቼ በብብቷ ደገፍኳት። ስጮህባት ፊቷ ላላ አለ።

«አሁን አንቺ ነሽ፣» አለች።

ሐኪም ቤት ወዲያው አልጋ ላይ አስተኟት፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ገጠሙላት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን ነው። ልባቸው ተጎድቷል፣ እንሞክራለን፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ግን ጥሩ ነበር አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ መቼ እንደጀመራት፣ ለምንስ ለሰው ሳትናገር እንደቆየች ጠየቃት።

«ለልጄ ነግሬያታለሁ፣» አለች እናቴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ስፖንጁ ክፍል፣ ስለ ኮከቦቹ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እናቴ በደህናው እጇ እጅጌዬን ይዛ ታየኛለች።

«እመጣለሁ ብያት ነበር፣» አልኩት።